ላጲስ የማይገባበት ቤት

በቤቴ ላጲስ አይገባም ነበር። አራት ልጆች ያሳደግሁት በእርሳስ፣ በደብተርና በመቅረጫ ነው፤ ላጲስ ግን እንደ ሲጋራ የተከለከለ ነበር። ልጆቼ ሲሳሳቱ በስሕተቱ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ያሰምራሉ፣ ትክክሉን ከላዩ ይጽፋሉ፣ ይቀጥላሉ። መምህራኖቻቸው «ደብተሩ ተዝረክርኳል» ብለው ወረቀት ልከውብኛል። መልስ አልሰጠሁም። ትልቋ ልጄ ትዕግሥት ሁለተኛ ክፍል ሳለች ከጓደኛዋ የተቀበለችውን ግማሽ ላጲስ ካልሲዋ ውስጥ ደብቃ ልታስገባ ስትል ያዝኋት፤ በራችን ላይ አቁሜ በገዛ እጇ ቦዩ ውስጥ እንድትጥለው አደረግሁ። የሹም አቦ ሰፈር ጎረቤቶቻችን የዚያን ቀኑን ለቅሶዋን እስከ ዛሬ ያነሡብኛል።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ወጣት ባልደረቦቼ አንድ ካባ አለበሱኝና ስለ እኔ እውነትም ውሸትም የተቀላቀለበት ንግግር አደረጉ። ትዕግሥት ዛሬ የመስኖ መሐንዲስ ናት፤ ከግብዣው በኋላ በጣና ሐይቅ ዳር አብራኝ ስትሄድ፣

«አባዬ፣ አሁንስ ትነግረኛለህ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ላጲሱ ምን አድርጎህ ነው?»

«ላጲሱ ምንም አላደረገኝም። ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ በላይ መናገር አቃተኝ። በአፌ ያቃተኝን በጽሑፍ እሞክራለሁ አልኋት። ይህ እሱ ነው።

ሥራዬ ቅየሳ ነበር። የጀመርሁት ማክሰኝት አጠገብ በሚሠራ መንገድ ላይ፣ ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ዘንግ ይዤ በመቆም ነው። ቀያሹ ከሩቅ በቅየሳ መነጽሩ ዘንጉን ያነባል፤ የዘንግ ያዡ ሥራ ዘንጉን ሳያጋድል መቆም ብቻ ነው። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ የተቋረጠ ቢሆንም ቆሞ የሚውል ሰው ብዙ የማሰቢያ ጊዜ አለው። ቀያሹ ለምን ወደ ኋላም ወደ ፊትም እንደሚያነብ በራሴ ጭንቅላት ደረስሁበት። ከዚያ አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ የሒሳብ መጽሐፍ ገዛሁና በየምሳ ሰዓቱ ከዛፍ ሥር ሦስት ማዕዘን ስስል ኖርሁ። ማንም አላስተማረኝም ብዬ የምኮራበት ዘመን ነበር። ኋላ ግን ማንም ሳያስተምረው የተማረ ሰው አንድ ትልቅ ጉድለት እንዳለው አየሁ፤ ስሕተቱን ሌላ ሰው ፊት አርሞ አያውቅም።

ጥቂት ዓመታት ቆይቼ ባሕር ዳር ወደሚገኝ የመስኖ ሥራ ቢሮ ተዛወርሁና ከዋናው ቀያሽ ከጋሽ ሰይድ እጅ ገባሁ። በማዕረግ ረዳት ቀያሽ ተባልሁ፤ ደመወዜ የጨመረው አንድ ጥንድ ጫማ የምትገዛ ያህል ነበር።

ጋሽ ሰይድ የወረታ የጨርቅ ነጋዴዎች ልጅ ናቸው። ወንድሞቻቸው ሁሉ ሱቅ ሲይዙ እሳቸው ብቻ መነጽርና ዘንግ ተከትለው ወጡ። ለበዓል ወረታ ሲገቡ ወንድሞቻቸው፣ «ሰይድ ጨርቅ መለካት ቢያቅተው መሬት ይለካል» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸውም፣ «ጨርቅ ስትለኩ እጃችሁ ያጥራል፤ መሬት ግን አይታለልም» ብለው ይመልሳሉ።

የእጃቸውን ልማድ ልንገራችሁ፤ እኔን የሠራኝ እሱ ነውና። እርሳሳቸውን በምላጭ እንጂ በመቅረጫ አይቀርጹም፤ ጠንካራውንና ቀለሙ የማይጨማለቀውን ይመርጡና በክር ከሸሚዛቸው ቁልፍ ጋር ያስሩታል። በመነጽሩ ያዩትን ቁጥር መጀመሪያ ጮኸው ይጠሩታል፣ ከዚያ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ከጻፉት ላይ ደግመው ይጠሩታል። መነሻ የሚሆን ድንጋይ ሲተክሉ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀድመው ሁለት እፍኝ ከሰል ያፈሳሉ። «ድንጋይ እግር አለው፤ ሰው ሲፈልግ ያስኬደዋል። ከሰል ግን አይበሰብስም፣ ማንም አይሰርቀውም። ድንጋዩ ቢጠፋ ቦታው አይጠፋም» ይላሉ። ብዙ ጊዜ የድንበር ጠበኞች መሐል ቆመን መሬቱን ስንቆፍር ጥቁሩ ከሰል ብቅ ሲል፣ የሚጮኸው ሰው ዝም ሲል አይቻለሁ።

ከሁሉም በላይ የመስክ ደብተር ላይ ላጲስ አይነካም። ተሳስተው ከጻፉ ቁጥሩን በአንድ ቀጭን መስመር ይሰርዙታል፤ ከሥሩ የተጻፈው መነበብ አለበት። ትክክሉን ከላዩ ይጽፋሉ፣ የስማቸውን ፊደል ያኖራሉ። «ስሕተትህን ከቤት አታባርረው፤ አስቀምጠው። ነገ የምትፈልገው ምስክር እሱ ሊሆን ይችላል» ይሉኝ ነበር።

የዚያን ጊዜው ኃላፊያችን ደግሞ ንጹሕ ደብተር ወዳድ ነበር። የጋሽ ሰይድን ደብተር ከፍቶ፣ «ይሄ ደብተር ነው ወይስ ዶሮ የጫረችው መሬት?» ይላል። የእኔን ሲያይ ፈገግ ይላል። ያ ፈገግታ ጎድቶኛል፤ ምክንያት ግን አይሆነኝም።

ላጲስ ስለሚለው ቃልም መጀመሪያ የሰማሁት ከጋሽ ሰይድ ነው። የእሳቸው አስተማሪ ከጣልያኖች ጋር መንገድ የሠራ ሽማግሌ ነበር፤ «ላፒስ አምጡ» ሲል ልጆቹ ማጥፊያውን ይዘው ይሮጣሉ፣ እሱ ደግሞ እርሳስ ነው ያልሁት ብሎ ይቆጣል። በጣልያን አፍ እርሳስ ማለት ነውና። «ታዲያ የሚጽፈው ስም እንዴት ወደሚያጠፋው ዞረ?» አልኋቸው። «እሱን እንግዲህ አንተ የተማርኸው ንገረን» ብለው ሳቁብኝ።

ነገሩ ከልቤ አልወጣም። ከዓመታት በኋላ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ዘንድ አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት አግኝቼ ፈተሽሁ። ቃሉ ከጣልያንም በፊት የላቲን ነው፤ ትርጉሙም ድንጋይ ነው። ጥንት ሠዓሊዎች ምልክት የሚያደርጉበት ቀይ ድንጋይ ነበረ፤ ጣልያኖች ድንጋዩ በእንጨት እርሳስ ሲተካ ስሙን አልቀየሩትም። ወደ እኛ ሲመጣ ለምን ማጥፊያ እንደሆነ መጽሐፉ አይናገርም። እኔ የምገምተው ጫፉ ላይ ማጥፊያ የተሰካበት እርሳስ ሲመጣ ስሙ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እንደተሻገረ ነው። ማስረጃ የለኝም፤ ስለዚህ ይህችን በእርሳስ ያዙልኝ።

ይህን ግኝቴን በጣና ደሴት ካሉት ገዳማት በአንዱ ለሚያስተምሩ መሪጌታ በጀልባ ላይ አጫወትኋቸው። «በግእዝ እብን የምንለው ነዋ» አሉ። ቀጥለውም፣ «እኛ ላጲስ የለንም፤ ቢላ ነው ያለን። ብራና ላይ የተሳሳተ ፊደል በቢላ ይፋቃል። ቀለሙ ይሄዳል፤ ቆዳው ግን የተፋቀበትን አይረሳም። ወደ ፀሐይ ብታዞረው ጠባሳው ይታይሃል» አሉኝ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልሁም። እሳቸው የሚያወሩት ስለ ብራና ነበር፤ እኔ ግን የማስበው ስለ አንድ ወረቀት ነው። አሁን ወደ እሱ ልግባ።

ከወረታ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ሜዳ ላይ፣ ከአንድ ትንሽ ወንዝ ውኃ ተጠልፎ በአፈር ቦይ ለገበሬዎች ሊደርስ ነበር። ክረምቱ ሊገባ ቀናት ቀርተውታል። ጋሽ ሰይድ ወባ ይዟቸው በተከራየናት ክፍል ውስጥ ብርድ ልብስ ደራርበው ይንቀጠቀጣሉ። ጠሩኝና፣ «ብቻህን ዙረው። ካልዘጋ ድገመው፤ በእኔ ሞት አትቸኩል» አሉኝ።

መዝጋት ማለት ይህ ነው። ከፍታው ከታወቀ ድንጋይ ትነሣለህ። እየለካህ እስከ ቦዩ ጫፍ ትሄዳለህ፣ እዚያ ሌላ ድንጋይ ትተክላለህ፣ በሌላ መንገድ እየለካህ ትመለሳለህ። ወደ ተነሣህበት ድንጋይ ስትደርስ ስሌትህ ስትነሣ የነበረውን ከፍታ መስጠት አለበት። ከሰጠህ ዙሩ ዘግቷል። ካልሰጠህ በመንገድህ አንድ ቦታ ተሳስተሃል፤ የት እንደሆነ ግን አይነግርህም።

የእኔ ዙር በሃያ ሳንቲ ሜትር አልዘጋም።

ደመናው ከሐይቁ በኩል ጠቁሮ ይመጣል። ዘንግ ያዡ ጭቃ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያራግፋል። መኪናው በማግስቱ ጠዋት ወደ ባሕር ዳር ሊመለስ ነው። ድገመው ቢባል አንድ ሙሉ ቀን ይወስዳል፤ ዝናቡ ከገባ ደግሞ ያ ጥቁር አፈር ለሦስት ወር ሰው አያስገባም። እውነቱን ለመናገር ግን የፈራሁት ዝናቡን አልነበረም። የመጀመሪያው የብቻዬ ዙር ነበር፤ አልዘጋም ብሎ መግባት አሳፈረኝ። ሃያ ሳንቲ ሜትር ልክ ሲሆን ደግሞ ሰው አንድ አሐዝ አሳስቶ እንዳነበበ ያሳብቃል። ከመልስ ጉዞው ውስጥ በትክክል ማንበቤን ያልተማመንሁበትን አንድ ቁጥር መረጥሁ፤ አንድ ነጥብ አምስት ሁለት ይላል። ለግል ጥናቴ የምይዛት ላጲስ ኪሴ ውስጥ ነበረች። አምስቱን አጠፋሁና ሦስት አደረግሁት። ዙሩ ዘጋ።

ለጋሽ ሰይድ ደብተሩን ሳቀርብ ትኩሳቱ ገና አልለቀቃቸውም። የመጨረሻውን ስሌት አዩ። «ዘጋ?» «ዘጋ።» «ጎበዝ» አሉና ፈረሙ።

ስሕተቱ ግን በመልስ ጉዞው ሳይሆን በመሄጃው ነበር። ጫፍ ላይ የተከልሁት ድንጋይ በእውነት ካለበት ሃያ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ተደርጎ ተጻፈ፤ የቦዩ መጨረሻም ከዚያ ድንጋይ እየተለካ ሲሠራ በዚያው ልክ ከፍ ብሎ ተሠራ። በበጋው ውኃው ሲለቀቅ ሕዝቡ እልል አለ። ውኃው እያብለጨለጨ መጣ፣ መጣና የመጨረሻዎቹ ማሳዎች ጋ ሲደርስ ቆመ፤ አልፎ አልሄደም። ከሁሉ ጫፍ ያለው የወይዘሮ አንጓች ማሳ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ በዚያች አንዲት ማሳ ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ውኃ ይመጣል ስለተባሉ ሽምብራ መዝራቱን ትተው የሽንኩርት ችግኝ አፍልተው ይጠብቁ ነበር። ከመደቡ ሳይነቀል ዓይናቸው እያየ ደረቀ።

ቢሮው ስብሰባ ጠራ። ኃላፊው ደብተሩን ገለጠ፤ ንጹሕ ነው።

«ፊርማው የማን ነው?»

«የኔ ነው» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«ደግመው አረጋግጠዋል?»

«ዙሩ ስለዘጋ አልደገምሁም።»

ሌላ ጥያቄ አልተጠየቀም። ጋሽ ሰይድ ከመስክ ሥራ ተነሥተው ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደቡ፤ በማኅደራቸውም «በቸልተኝነት» የሚል ተጻፈ። እኔ ከእሳቸው ሁለት ወንበር አልፌ ተቀምጬ ነበር። አፌን አልከፈትሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሦስት ወር ያህል በልቼ አደርሁ፣ ሠርቼ ገባሁ፣ ሰው ሰላም አልሁ። ሰው ክፉ ከሠራ በኋላ እንቅልፍ ያጣል የሚሉ አሉ። እኔ እተኛ ነበር። እንዲያውም ያስፈራኝ እሱ ነው።

አንድ ቀን ዕቃ ልመልስ ግምጃ ቤቱ ስገባ ጋሽ ሰይድ ያንን ደብተር መስኮቱ ሥር ገልጠው ተቀምጠዋል።

«ሙሉቀን፣ እጅህን አምጣ።»

ጣቴን ይዘው ገጹ ላይ አኖሩት።

«እዚህ ጋ ምን ይሰማሃል?»

«ለስላሳ ነው።»

«እዚህስ?»

ሦስቷ ላይ ነበር። «ይሻክራል» አልሁ።

«ወረቀቱ ቆስሏል» አሉ።

«መቼ አወቁ ጋሼ?»

«በስብሰባው ማግስት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ፊርማው የኔ ነው፣ አሐዙ ያንተ። ሳላረጋግጥ መፈረሜን ሰው ፊት ተናግሬያለሁ። ያንተን ልናገርልህ አልችልም።» ደብተሩን ዘግተው መደርደሪያው ላይ መለሱት። «ሴትዮዋ ግን ዘንድሮም ችግኝ ሊያፈሉ ነው አሉ።»

በማግስቱ ጠዋት ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ሰምቶኝ ሲያበቃ የተናገረው፣ «ደብተርህ እኮ ንጹሕ ነበር» የሚል ብቻ ነው። ለአንድ ዓመት ወደ ዘንግ ያዥነት ወረድሁ፤ ተገቢ ነበር። የጋሽ ሰይድ ማኅደር ግን ይስተካከል ብዬ ብጽፍም ብመላለስም፣ «የተዘጋ ጉዳይ ነው» ተባልሁ። «በቸልተኝነት» የሚለው ቃል እንዳልተነሣላቸው ጡረታቸው ደረሰ።

ከዚያ በፊት ግን ለአንድ ቀን ተፈቅዶላቸው ወደዚያ ሜዳ አብረን ሄድን። ዘንጉን እኔ ያዝሁ፤ እሳቸው አነበቡ። ጫፍ ያለው ድንጋይ ሃያ ሳንቲ ሜትር እንደሚዋሽ ተረጋገጠ። የአካባቢው ገበሬዎች አካፋና ዶማ ይዘው ወጡ፤ የቦዩን ወለል ዝቅ ለማድረግ ሦስት ቀን ቆፈርን። በመጀመሪያው ቀን ወይዘሮ አንጓች ነጠላቸውን አገልድመው መጡና ከላዬ ቆሙ።

«አንት ነህ ውኃዬን በላጲስ ያጠፋኸው?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«ያየኸውን ጽፈህ ተሳስተሃል ብትባል ምን ይቀርብህ ነበር?»

«ምንም አይቀርብኝም ነበር።»

«እኔ ግን ሽንኩርቴ ቀረብኝ።» ቁፋሮዬን ተመለከቱ። «እንደ ቄስ አካፋውን በሁለት ጣት አትያዝ! ይኸው እንዲህ፤ ጎንበስ በል። መለካቱስ ቢያቅትህ መቆፈሩ አያቅትህ።»

ገበሬዎቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ማልቀስ አማረኝ። በአራተኛው ቀን ውኃው እስከ ማሳቸው ሄደ። በዓመቱ ሽንኩርት አነሡ። ያለፈው ዓመቱ ግን አልተመለሰላቸውም፤ እኔም ተመልሷል ብዬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሠራሁ። ቆጋ መስኖ በኩልም ዞሬያለሁ፣ የሐይቁን ዳር ግማሹን በእግሬ አውቀዋለሁ። ዛሬ ወጣቶቹ የሚይዙት መሣሪያ ከሰማይ ሳተላይት እየተቀበለ ራሱ ይጽፋል፤ የተሳሳተውንም አንድ ቁልፍ ነክተው ወደ ኋላ ይመልሱታል። አልንቃቸውም፤ ከእኔ ይልቅ ትክክል ናቸው። የምመክራቸው አንዲት ነገር ናት፤ የመለሳችሁትን የት እንደመለሳችሁት ጻፉት።

ሥራ በለቀቅሁበት ሳምንት አሮጌዎቹ የመስክ ደብተሮች ሊቃጠሉ በጆንያ ተሞልተው ደጅ ላይ ተከምረው አገኘሁ። ግማሽ ቀን ፈትሼ ያንን ደብተር አወጣሁ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ፣ «ይውሰዱት ጋሼ፤ ለእሳት ነው» አለችኝ። እዚያው ጆንያው ላይ ተቀምጬ እርሳሴን በምላጭ ቀረጽሁ። ሦስቷ እንድትነበብ አድርጌ አንድ ቀጭን መስመር አሰመርሁባት፣ ከላይዋ አምስት ጻፍሁ፣ የስሜን ፊደል አኖርሁ፣ የዕለቱን ቀን አስገባሁ። ከዚያ ወረታ ሄድሁ።

ጋሽ ሰይድ ካረፉ ቆይተዋል። ጡረታ ወጥተው የከፈቷትን የደብተርና የእርሳስ ሱቅ ዛሬ ልጃቸው ዘይነባ ትሠራባታለች። ማንነቴን ሳልነግራት፣

«ላጲስ አለ?» አልሁ።

«አሁን አለ» ብላ ሳቀች። «አባቴ በሕይወት እያለ ቢሆን ኖሮ ወደ ጎረቤት ሱቅ ነበር የምልክዎት። ደብተር ይሸጣል፣ እርሳስ ይሸጣል፣ ላጲስ በፍጹም። ለምን ስንለው፣ ‹ይግዙ፤ ከኔ ግን አይግዙ› ይላል።»

ደብተሩን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁና ሁሉንም ነገርኋት። ጣቷን ገጹ ላይ አሳለፈች።

«ይህ የአባቴ ፊርማ ነው።»

«ይህቺ ደግሞ የኔ ናት። ዘግይታለች።»

ደንበኛ መጣ፣ አስተናገደችው፣ ተመለሰች።

«እርስዎ ነዎት ማለት ነው» አለች። «ስም አልጠራልንም። ግን ሊሞት አካባቢ ስለ ሥራው ስናጫውተው፣ ‹ከዞርኋቸው ዙሮች ሁሉ የምወደው አንድ ነው፤ ሦስት ወር ዘግይቶ የዘጋው› አለን። ዙር ምን እንደሆነ እንኳ አናውቅም ነበር።»

ደብተሩን እዚያው ተውሁላት። ላጲሱን ገዝቼ ባሕር ዳር ተመለስሁ፤ ትዕግሥት ቤት ሄጄ ይህን ጽሑፍና ላጲሱን አብሬ ሰጠኋት። ቁጭ ብላ ጽሑፉ ያኔ እስከደረሰበት እስከ ወረታው ድረስ አነበበች። የሠራሁትን ጥፋት በልጄ ላይ ደንብ አድርጌ መጫኔን፣ ያንንም ሥነ ምግባር ብዬ መጥራቴን አንሥታ እንዳትወቅሰኝ ፈርቼ ጠበቅሁ።

ላጲሱን አነሣች፣ እንደ ሕፃን አሸተተችው። ከዚያ ከወጥ ቤት ቢላ አምጥታ ከሁለት ከፈለችው።

«ያስጣልኸኝ ግማሽ ነበር» አለች፤ ግማሹን ኪሷ ከተተች። ሌላውን መዳፌ ላይ አኖረችልኝ። «ይሄኛው ቤትህ ይግባ።»

ገብቷል። እነዚህን የመጨረሻ መስመሮች ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ብዙ ቦታ ተሳስቼ ብዙ ቦታ ሰርዣለሁ፤ ወረቀቴ ዶሮ የጫረችው መሬት ይመስላል። ላጲሱን አልነካሁትም። አልጣልሁትምም።